የውሃ ቀለም፣ የደጋ አየርና የጀማሪ እጅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በብርሃን ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ጨረር በሌንስ ውስጥ ሲያልፍ የሚከተለውን መንገድ በሰሌዳው ላይ እንዲያሳይ አንድ ተማሪ ጠየቅሁ። ተማሪው ሒሳቡን አሳምሮ ያውቀዋል። ሆኖም ጠመኔውን ይዞ ጥቂት ከቆመ በኋላ «መምህር፣ እኔ ሥዕል አልችልም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ይህ ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔም ነበረና። አንድ መምህር የሣልኩትን በሬ ለክፍሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ «ይህ ምን እንስሳ ይመስላችኋል?» ብለው ከጠየቁ ወዲህ፣ እርሳስን ለጽሕፈት እንጂ ለሥዕል አንስቼ አላውቅም ነበር። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ ሀገር በቆየሁባቸው ዓመታትም ጡረተኞች በመናፈሻ ተቀምጠው በውሃ ቀለም ሲሥሉ ቆሜ ከመመልከት በቀር አንድም ቀን ብሩሽ አልያዝኩም።

በዚያው ዓመት ክረምት ከጎንደር ፒያሳ የልጆች የውሃ ቀለም አንድ ሣጥን ገዛሁ። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ የሚያስተምረኝ ሰውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያጋጠመኝን ለአንባብያን ማካፈል የፈለግሁት፣ «እጄ አይታዘዝልኝም» እያልኩ ራሴን ከወቀስኩባቸው ነገሮች ብዙዎቹ የእጅ ጉዳይ ሆነው ስላላገኘኋቸው ነው።

የመጀመሪያው ውርደቴ ከወረቀቱ ጀመረ። በቢሮ የምንጠቀምበት ባለ 80 ግራም ወረቀት ውሃ ሲነካው እንደ ቆሎ ምጣድ ጎደጎደ፤ ቀለሙም በየጎድጓዳው ተጠራቀመ። ወረቀት የተሠራው ከዕፅዋት ጭረት ነው። ጭረቱ ውሃ ሲጠጣ በርዝመቱ ብዙም ሳይለወጥ በውፍረቱ ያብጣል፤ የረጠበው ክፍል ሲሰፋ በዙሪያው ያለው ደረቅ ክፍል ስለማያፈናፍነው ከመጎበጥ ሌላ አማራጭ የለውም። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው ወረቀት በካሬ ሜትር 300 ግራም ያህል የሚመዝነውም ስለዚህ ነው። ወፍራሙ ከታጣ፣ ቀጭኑን አስቀድሞ ማርጠብና ከጣውላ ላይ ዙሪያውን ወጥሮ በማጣበቂያ ወረቀት ማሰር ይበጃል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል።

ሁለተኛው ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው፤ የብርሃን አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ አስቀድሜ አለማሰቤ ያሳፍረኛል። የውሃ ቀለም ማለት በደቃቁ የተፈጨ የቀለም ቅንጣትና ከግራር ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ድብልቅ ነው። (የዚህ ሙጫ ቀዳሚ አቅራቢ ከመተማ ማዶ ያለችው ሱዳን ናት።) ቅቡ እጅግ ስስ በመሆኑ ብርሃን ዘልቆት ያልፋል፤ ከወረቀቱ ንጣት ላይ ነጥሮም በዚያው ቅብ በኩል ወደ ዓይናችን ይመለሳል። እንግዲህ ብርሃኑ ቅቡን ሁለት ጊዜ ያቋርጠዋል ማለት ነው። አንድ ቅብ ግማሹን ብርሃን ያሳልፋል ብንል፣ ደርሶ የሚመለሰው ሩብ ብቻ ነው። በላዩ ሌላ ተመሳሳይ ቅብ ብንደርብ የሚመለሰው አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። «ትንሽ ላድምቀው» ብዬ የደረብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለምን እንደሚጨልም የገባኝ ይህን በወረቀት ላይ ካሰላሁ በኋላ ነው።

በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳዋል። የዚያ ዓይነቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀለም ድፍን ነው፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ከቀለሙ ከራሱ ነው። ስለዚህም ሠዓሊው በጠቆረው ላይ ነጭ ጨምሮ ዓይንን ሊያበራ ይችላል። በውሃ ቀለም ግን ንጣት የሚገኘው ሳይነኩ በመተው ብቻ ነው፤ ከቀላሉ ወደ ጥቁሩ እንጂ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስሕተትን መሸፈኛ የሌለው ሙያ በመሆኑ ራሱን ለሚጠራጠር ሰው ጨካኝ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። በዚያ ክረምት፣ በነሐሴ ዝናብ፣ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ሰማይ መሣል ለመድሁ። ወረቀቱን በውሃ አርሼ ቀለም ስጨምርበት ቀለሙ በዝግታ እየተንሸራሸረ ደመና ይሆንልኛል። ጥር ሲገባ ይኸው እጅ፣ ይኸው ብሩሽ፣ ይኸው ቀለም አልሠራ አለ። በየቅቡ ጠርዝ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል፤ ላስተካክለው ውሃ ስጨምር ዳር ዳሩ የተቆራረጠ ነጣ ያለ እድፍ ይወጣል። ፈረንጆች ይህን እድፍ «አበባ ጎመን» ይሉታል፤ መልኩም እርሱኑ ነው። የክረምቱ ሥራ ዕድል እንጂ ችሎታ አልነበረም ብዬ ደመደምኩ። ሣጥኑን ዘግቼ ከመደርደሪያው በላይ ሰቀልኩት።

ያወረደው አንድ የቡና ጠብታ ነው። ከሲኒ ላይ የተንጠባጠበ ቡና በጠረጴዛ ላይ ሲደርቅ መሐሉ ገርጥቶ ጠርዙ ቀለበት እንደሚሠራ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱ ግን በዝርዝር የተብራራው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ዲጋንና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት እንዳስረዱት፣ የጠብታው ጠርዝ ካረፈበት ገጽ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሃውም ከሁሉ አብልጦ የሚተነው ከጠርዙ ነው። በጠርዙ የጎደለውን ለመተካት ከመሐል ወደ ዳር ፍሰት ይነሣል፤ ፍሰቱም ቅንጣቶቹን እየነዳ ከዳር ያከማቻቸዋል። በሥዕሌ ጠርዝ ላይ ያየሁት ጥቁር መስመር ይኸው የቡና ቀለበት ነበር። አበባ ጎመኑም ዘመዱ ነው፤ ግማሽ በደረቀ ቅብ ላይ ውሃ ሲጨመር፣ የወረቀቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃውን ከርጥቡ ወደ ደረቁ ይስቡታል፤ እየተሳበም ቀለሙን ጠርጎ ግስጋሴው በቆመበት ላይ ይጥለዋል።

ታዲያ በነሐሴ ያልነበረው በጥር ከየት መጣ? በክረምት አየሩ በተን የተሞላ በመሆኑ ትነቱ ዝግ ይላል፤ ቀለሙ ራሱን አስተካክሎ ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ወረቀቱ በእኩል ሳይሆን ጥግ ጥጉን እየቀደመ ይደርቃል። በዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከአራት እጅ ሦስቱን እምብዛም አያልፍም። አየሩ በሳሳ መጠን የውሃ ሞለኪዩሎች ግጭት ስለሚቀንስላቸው ፈጥነው ይበተናሉ፤ በተመሳሳይ ሙቀትና ርጥበት ትነቱ ይጨምራል። የውሃ ቀለም መማሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው ርጥበት ባለበት ቆላማ ሀገር የተጻፉ ናቸው፤ «ጥቂት ይጠብቁ» ሲሉ የሚያስቡት የራሳቸውን አየር ነው። እኔ ግን በራሴ እጅ ላይ ፈርጄ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። በበጋ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ አርሳለሁ፤ ከሥሩ ርጥብ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ፤ ማብረቅ ያቆመውን ቅብ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አልነካውም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ራሱን የሚጠራጠር ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም።

በአንድ ኅዳር ወር ሣጥኔን ይዤ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ወጣሁ። በእነዚህ ተራሮች መካከል ቀለም ይዞ የኖረ ሰው በታሪክም አለ፤ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር በ1847 እ.ኤ.አ. መጥቶ በስሜኑ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ተቀመጠ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላም በሀገሩ ቆይቷል። ቀለሙ ሲያልቅበት ምን ያደርግ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሚሆን ቀለሙ ከመቼውም ይልቅ ይፈጥናል ብዬ ነበር። በማለዳው ግን ጨርሶ አልደርቅ አለ! በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ተን ሲይዝ በ5 ዲግሪ ግን 7 ግራም ገደማ ብቻ እንደሚይዝ ዘንግቼ ኖሯል፤ ብርዱ ከሳሳው አየር ያገኘሁትን ሁሉ ወሰደብኝ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ወረቀቱን ስታሞቀው ደግሞ ብሩሹ ዳር ሳይደርስ መነሻው ይደርቅ ጀመር።

በተራሮቹ መልክም ተሳሳትኩ። ተራራ ቡናማ መሆኑን ስለማውቅ ሁሉንም ቡናማ ቀባኋቸው፤ በወረቀቴ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ማዶ ያለው ገደል ከፊቴ ካለው ጊብራ ጋር ተጣበቀ። የአየር ሞለኪዩሎች ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ወደ ስድስት እጥፍ አብልጠው ይበትናሉ። በእኛና በሩቁ ሸንተረር መካከል ያለው አየር ሁሉ ሰማያዊ ብርሃን እየጨመረ የሸንተረሩን የራሱን ቀለም ያደበዝዘዋል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ አስረዳለሁ፤ ዓይኔ እያየ እጄ ግን ቡናማ ቀባ። በሁለተኛው ወረቀት ከሩቁ ጀመርኩ፤ በብዙ ውሃ የቀጠነ ሰማያዊ፣ ሲደርቅ ቀጣዩ ሸንተረር ትንሽ ጠቆር ብሎ፣ በመጨረሻም የቅርቡ ገደል በቡናማ። አምስት ቅብ ነው። ሸንተረሮቹ አንዱ ከሌላው ራቁ። በግራ በኩል በሰማዩ ላይ አንድ አበባ ጎመን አለ፤ አልነካሁትም።

ይህ ሥዕል አሁን በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ነው። ውሃው ላጠፋው ራሴን መውቀስ ስለተውኩ፣ የቀረው የእኔ ጥፋት ለይቶ ይታየኛል፤ እርሱም ጥቂት አይደለም። የፋሲልን ግንብ በየማዕዘኑ የቆሙ አራት የእንቁላል ቅርጽ ጉልላቶች እሑድ እሑድ እሥላለሁ። ትነትም ከፍታም ሰበብ የማይሆኑበት የእርሳስ ሥራ ነው። ቅርቡ ጉልላት ደኅና ይወጣል፤ ሦስቱ ገና ዘመም እንዳሉ ናቸው።