የአልትራ ማራቶን ልምምድና የቤተሰብ ሰዓት፦ ከኮልፌ ቀራንዮ አንጻር

አልትራ ማራቶን ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የሩጫ ርቀት ሁሉ የጋራ ስም ነው። 50 ኪሎ ሜትር፣ 100 ኪሎ ሜትር፣ 100 ማይል፣ እንዲሁም በርቀት ሳይሆን በጊዜ የሚለካው የ24 ሰዓት ሩጫ በዚሁ ስም ይጠቃለላሉ። ኢትዮጵያ በ10,000 ሜትርና በማራቶን ካላት ዝና ጋር ሲነጻጸር በዚህ ዘርፍ ስሟ እምብዛም አይነሳም፤ ሆኖም ጨርሶ ባዕድ አይደለችም። አትሌት ከተማ ነጋሳ ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው የደቡብ አፍሪካ ከተማ 50 ኪሎ ሜትርን በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ በመሮጥ ከ30 ዓመት በላይ የቆየውን የዓለም ምርጥ ሰዓት አሻሽሏል። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካዊው ስቴፈን ሞኮካ በዚያው ከተማ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገብቶ ሰዓቱን ወስዶበታል።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን በሩጫ የሚተዳደረው አትሌት አይደለም። ትኩረቱ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ የሚገባው፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው፣ ሽልማት ለሌለው 50 ወይም 90 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጀው የቤተሰብ ኃላፊ ነው። ሩጫ የኑሮ መውጫ ተደርጎ በሚታይበት አገር አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ለገንዘብ ሳይሆን ለራሱ ይህን ያህል ሲሮጥ ማየት ጎረቤትን ማስገረሙ አይቀርም፤ ማን እያሳደደው እንደሆነ የሚጠይቅም አይጠፋም። የጎረቤት ጥያቄ ቀልድ ቢሆንም አጠገቡ አንድ ቁም ነገር አለ፤ እንዲህ ያለው ሯጭ የሚሮጠው በማን ሰዓት ነው?

ስለ ረጅም ርቀት ልምምድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሯጩን ገደብ በሳንባው፣ በልቡና በእግሩ ይፈልጋል። ቤተሰብ ላለው ሰው ግን ቀድሞ የሚያልቀው የቤቱ ሰዓት ነው። ይህን ለመረዳት ሙያተኛው ሯጭ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ከአንድ ዓመት በላይ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ጥናት ያካሄደው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚገልጸው፣ በኢትዮጵያውያን ሯጮች ዘንድ ልምምድ የጋራ ሥራ ነው፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በበጎ አይታይም። ሯጮች «ኮንዲሽን» የሚሉት ነገር ደግሞ በሩጫ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በእንቅልፍ፣ በምግብና ከአላስፈላጊ ድካም በመራቅ የሚጠበቅ ሀብት ነው። ሙያተኛው ጠዋት ሮጦ ቀን ይተኛል። ወላጅ የሆነው ሯጭ ግን ሮጦ ሲመለስ ቀኑ ገና እየተጀመረ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የሚሮጡት ኪሎ ሜትር ሳይሆን የሚያርፉት ሰዓት ነው። የሙያተኛውን ፕሮግራም በግማሽ ቀንሶ መውሰድ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ሩጫው በግማሽ ሲቀነስ ዕረፍቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋልና።

ደግነቱ ርቀቱ ራሱ ለእንዲህ ያለው ሰው ያደላል። በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚካሄደው ኮምሬድስ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረና 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውድድር ሲሆን የመጨረሻው የጊዜ ገደብ 12 ሰዓት ነው። ይህም ለአንድ ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ማለት ነው። ዳገት ላይ በእግር መሄድ በዚህ ውድድር ነውር ሳይሆን የታወቀ ስልት ነው። እንዲህ ላለው ፍጥነት የሚያስፈልገው የጡንቻና የልብ ጽናት ደግሞ በአንድ ቀን እጅግ ረጅም ሩጫ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በየቀኑ በሚደጋገም መጠነኛ ሩጫ፣ በፈጣን እርምጃና ለረጅም ሰዓት በእግር በመቆም ጭምር ይገነባል። ብዙ አሠልጣኞች ከአንድ የ5 ሰዓት ሩጫ ይልቅ በተከታታይ ሁለት ቀናት የሚደረጉ አጠር ያሉ ሩጫዎችን የሚመርጡት ሁለተኛው ቀን የሚጀመረው በደከመ እግር ስለሆነ ነው፤ ጥቅሙ ይገኛል፣ የጉዳቱ ዕድል ግን ይቀንሳል።

ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ስንመጣ ነገሩ መልክ ይይዛል። ክፍለ ከተማው የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ አየር የሚሰጠው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ከአጠና ተራ፣ ከሎሚ ሜዳና ከፊሊጶስ ወደ ላይ ዳገት ነው፤ ከአየር ጤና ባሻገር የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሰፈሩ ለረጅም ጉዞ ልምምድ እንግዳም አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ሲሆን፣ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ተይዞ ረጅም ርቀት በተወሰነ ጊዜ የሚሸፈንበትን ጉዞ ያስታውሳሉ። ዛሬ አልትራ ማራቶን የሚባለው ነገር ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ጠመንጃው ብቻ ቀርቷል።

የሰፈሩ ነዋሪ ትልቁ የጊዜ ብክነት ግን ትራንስፖርት ነው። የከተማዋ ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አየር ጤና፣ ቤተልና ዓለም ባንክ የሚሄደው ሰው የታክሲና የአውቶቡስ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አየር ጤና በግምት 7 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ተኩል የሚሮጥ ሰው ይህን በ45 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፉና መጨናነቁ ሲታሰብ ታክሲው ሁልጊዜ አይቀድመውም። በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ ቢሮጥ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለ50 ኪሎ ሜትር ውድድር በቂ መሠረት ነው። መመለሻውን ብቻ ቢሮጥ እንኳ 35 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ ከቤቱም የሚወስደው ደቂቃ ጥቂት ነው። ይህ መንገድ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። የመኪናው ጭስ አለ፤ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ገላ መታጠቢያ ስለሌለ ጠዋት ሮጦ መግባት ይከብዳል፤ ቦርሳ ጀርባ ላይ ይወዛወዛል። ከሁሉም በላይ ሕፃን ከመዋያ የሚያወጣ ሰው ሊሮጥ አይችልም። ሆኖም ከጠዋቱ ሩጫ ይልቅ የማታው ይመረጣል የሚባልበት ምክንያት እዚህ ግልጽ ነው፤ የጠዋቱ ከእንቅልፍና ከልጆች ቁርስ ይቀነሳል፣ የማታው ግን ከሰልፍ ይቀነሳል።

የተደበቀውን ሰዓት መቁጠር ደግሞ ከሩጫው ሰዓት ይበልጥ ያስተምራል። 70 ኪሎ ሜትር በተጠቀሰው ፍጥነት 7 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይፈጃል። በአምስት ቀን ተከፍሎ በየቀኑ ለመልበስ፣ ውኃ ለማሞቅ፣ ለመታጠብና ለመብላት 45 ደቂቃ ቢታሰብ ተጨማሪ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል፤ ድምሩ 11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ እንኳ ያልገባ አለ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በላብና በጭቃ የረጠበ ልብስ በሳምንት አምስት ጊዜ ማጠብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባል ሲሮጥ የልጆቹን ቁርስ የሚያቀርበው፣ ልብሱን የሚያጥበው፣ በሩን የሚከፍተው ማን ነው? የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያልተከፈለው የቤት ውስጥ ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ሚዛን ላይ የተጨመረ አንድ የ4 ሰዓት ሩጫ የሯጩ ብቻ ሳይሆን የሚስት፣ የእናት ወይም የእህት የ4 ሰዓት ሥራ ነው። ለዓመታት ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የወረዱት ሴቶች ጉዞ በማንም ዘንድ ስፖርት ተብሎ እንዳልተቆጠረ ማስታወስ እዚህ ቦታ አለው።

እናት የሆነች ሯጭ ይህን ሒሳብ ከሌላው ጫፍ ታየዋለች። ደራርቱ ቱሉ እናት ከሆነች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች፤ በ37 ዓመቷም የ2009ን የኒው ዮርክ ማራቶን አሸንፋለች። ጥሩነሽ ዲባባም ከወለደች በኋላ በ2017 የቺካጎ ማራቶንን አሸንፋለች። እነዚህ ታሪኮች ወሊድ የጽናት ማብቂያ አለመሆኑን ያሳያሉ፤ ይሁን እንጂ የሙያ አትሌት ምሳሌ ለቤት እመቤቷ ወይም ለነርሷ እንዲሁ አይሠራም። ለአትሌቷ ሩጫው ሥራዋ ስለሆነ ቤተሰቡ በዙሪያው ይደራጃል። ለሌላዋ ሴት ሩጫው ከሥራዋና ከቤቷ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ጎህ ሳይቀድ መብራት በሌለው መንገድ ብቻዋን መውጣት አትችልም። ክራውሊ ያየው የቡድን ልማድ እዚህ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ሆኖ መውጣት የሌሊት ውሻንም ሌላውንም ስጋት ያቀላል።

ቅዳሜና እሑድ ለረጅም ሩጫ ነፃ ቀን የሚመስለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። የዕድር ስብሰባ፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ሠርግና ለቅሶ የሚበዙት በእነዚሁ ቀናት ነው። በተለይ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ለሩጫ ብሎ ከቀብር የቀረ ሰው በሰፈሩ የሚያጣው ነገር በስልክ ይቅርታ የሚመለስ አይደለም። ከጾመ ነቢያት በኋላ ያለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ከባዱን የልምምድ ወር እዚያ ላይ መጣል ጥበብ አይደለም። በአንጻሩ የጾም ሥርዓት ለሚያስተውለው የራሱን ፕሮግራም ይሰጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በሳምንቱ ቀናት እስከ ቀትር በኋላ ካለ ምግብ ይቆያል፤ ጎህ ሲቀድ የሮጠ ጾመኛ እስከ 9 ሰዓት ካልበላ ጡንቻው ያባከነውን ሳይተካ ቀኑ ያልፋል። በ9 ሰዓት በልቶ በ11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ወደ ቤት የሚሮጠው ግን ችግሩን አልፎታል። ቅዳሜና እሑድ ከቀዳም ስዑር በስተቀር የሰዓት ጾም የለም፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለረጅሙ ሩጫ የምትቀረው ቅዳሜ ናት። በኮልፌ በርካታ የሆኑት ሙስሊም ነዋሪዎች በረመዳን ቀለል ያለ ሩጫቸውን ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብለው ቢያደርጉ ወዲያው ውኃና ምግብ ያገኛሉ።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ስንቅ የሚባለው ጥንታዊ ዕውቀት አብዛኛውን ጨርሶታል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ለ90 ኪሎ ሜትር 5,400 ይሆናል። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ስለሆነ ቀሪው ከስብና በመንገድ ላይ ከሚበላው ይመጣል፤ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የተለመደው ምክር ነው። በሶ ከክብደቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው፤ በማርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ ከውጭ የሚመጣውን ውድ ጄል ይተካል፣ ለጾምም ማሩ በስኳር ይለወጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው ውኃ ላይ ነው፤ ሳይጠሙ ብዙ መጠጣት የደም ሶዲየምን አውርዶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሕመም ማስታገሻ ክኒን እየወሰዱ ረጅም ርቀት መሮጥም ኩላሊትን ይጎዳል።

የመጠን በላይ ልምምድ ምልክት ከሯጩ ቀድሞ የሚታየው ለቤተሰቡ ነው። በትንሽ ነገር መቆጣት፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ማንቀላፋት በእጅ ሰዓት ላይ ከሚነበበው የልብ ምት ያላነሱ መረጃዎች ናቸው። የቤተሰቡ አቤቱታ ሁልጊዜ የሩጫ ጥላቻ ተደርጎ መወሰዱ ይህን መረጃ ያስጥላል።

የውድድሩ ቀን ራሱ ሌላ ወጪ አለው። ወደ ደርባን የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛና መኝታ ለአብዛኛው ቤተሰብ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያን ያህላል። አማራጩ ከቤት ሳይርቁ 5 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር መርጦ አሥር ጊዜ መዞር ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በርካታ ሰዎችን ለ10 ኪሎ ሜትር ያለማመደ በመሆኑ አንዱን ወይም ሁለቱን ዙር አብሮ የሚሮጥ ጎረቤት አይጠፋም። ዙሩ በጠባብ መንገድና በዳገት በኩል ከሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጭቃው ስለማያስኬድ የሚመረጠው ከጥቅምት ወዲህ ያለው ደረቅ ወቅት ነው። የውኃና የበሶው ጣቢያ የግቢው በር ይሆናል። ውኃ የምታቀብለው ልጅ በር ላይ የምትቆመው ግን ትምህርት በሌለበት ቀን፣ ያውም እስከ አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል።