ሙቀትን የሚከላከል ቤት
(የካርቱም ከተማ ምሳሌነት)

ሰው ቤት የሚሠራው ከአየር ጠባይ ለመጠለል ነው። በደጋ አገር የሚኖር ሰው ግድግዳውን መርጎ፣ ጣራውን በሣር አጥብቆ ከድኖ በምድጃው ዙሪያ የሚሰበሰበው ብርድን ለማባረር ነው። በቆላ አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የቤት ሠሪው ዋና ጭንቀት ሙቀቱን እንዴት አድርጎ ከደጅ እንደሚያስቀር ነው። ብርድ የገባበትን ቤት እሳት አንድዶ ማሞቅ ይቻላል፤ ሙቀት የገባበትን ቤት ማብረድ ግን ብዙ ድካምና ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ የቆላ ቤት የሚቀዘቅዘው ወይም የሚግለው አስቀድሞ መሠረቱ ሲጣል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ለዚህም የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ጥሩ ምሳሌ ናት።

ካርቱም ከኢትዮጵያ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 380 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በጥር ወር ግን ሌሊቱ ወደ 16 ዲግሪ ስለሚወርድ ነዋሪው ማሞቂያ የሚያስፈልገው እምብዛም አይደለም። ዝናቡ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወርድ ሲሆን በዓመት ከ120 እስከ 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዝናቡ በፊትና በዝናቡ ወራት ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ከተማዋን አልፎ አልፎ ይሸፍናታል።

በእንዲህ ያለ አገር ሙቀት ወደ ቤት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያውና ዋነኛው ጣራ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ፣ በከተማዋ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ በእነዚህ ወራት መካከልም ከአናት ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚጋለው የቤቱ ክዳን ነው። ሁለተኛው መንገድ የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ነው፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ትመታቸዋለችና። ሦስተኛው መንገድ ጥላ የሌለው መስኮትና በር ነው። ቤቱን በስተምሥራቅና በስተምዕራብ ጠባብ፣ በስተሰሜንና በስተደቡብ ረጅም አድርጎ መሥራት ምንም ተጨማሪ ገንዘብ ሳያስወጣ ከሁለተኛው መንገድ የሚገባውን ሙቀት በብዙ ይቀንሳል።

የካርቱም የቀድሞ ቤት ሠሪዎች ይህን ሁሉ በልምድ ያውቁ ነበር። ጃሉስ በሚባለው ዘዴ ጭቃው ከጭድ ወይም ከእበት ጋር ተቦክቶ በእጅ እየተደለደለ እርከን በእርከን ይነሣል፤ አንዱ እርከን ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም። ግድግዳው በጣም ወፍራም ነው። የ40 ሴንቲ ሜትር የጭቃ ግድግዳ በቀትር የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማድረስ ዐሥር ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሙቀቱ ክፍሉን ሲደርስ ውጭው መሽቶ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ክዳኑም በእንጨት ወራጆች ላይ የዘንባባ ሰሌን ተዘርግቶ በላዩ ጭቃ የሚለሰንበት ስለሆነ የቀኑን ፀሐይ ቶሎ አያሳልፍም።

ይሁን እንጂ ወፍራም ግድግዳ ቀን የዘገየውን ሙቀት ሌሊት ወደ ውስጥ መልቀቁ አይቀርም። የዚህ መድኃኒቱ ሖሽ የሚባለው ግቢ ነው። ቤተሰቡ ቀን በክፍሉ፣ በበረንዳው ወይም ራኩባ በሚባለው የእንጨትና የሰሌን ዳስ ሥር ይውላል፤ ሲመሽ የጠፍር ወይም የገመድ አልጋውን አውጥቶ በሖሹ ውስጥ ያድራል። በበረንዳው ጥግ ዚር የሚባል የሸክላ ጋን ይቆማል። ውኃው በጋኑ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ እየወዛ በደረቁ አየር ይተናል፤ በሚተንበትም ጊዜ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ በጋኑ የቀረው ውኃ ቀዝቃዛ ይሆናል።

ይህ ጥበብ ያለው ቤት አንድ ብርቱ ጠላት አለው፤ እርሱም ውኃ ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ዚባላ በሚባለው የጭቃና የእበት ምርጊት ግድግዳውንና ክዳኑን መለሰን አለበት። በሐምሌ 1980 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በካርቱም 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ውስጥ ወረደ፤ ይህም የአንድ ዓመት ዝናብ ከሚባለው የሚበልጥ ነው። ከዚያም ዓባይ ሞላ። በዚያ ጎርፍ ከሚሊዮን በላይ ሰዎች መጠለያ አጡ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ድርቅና ጦርነት ከየአገራቸው አፈናቅሏቸው በከተማዋ ዳር በዝቅተኛ ቦታ ላይ የሰፈሩ ድኾች ነበሩ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም የጥቁር ዓባይ ከፍታ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲደርስ በሱዳን ብዙ ሺህ ቤቶች ፈርሰዋል።

ከእንዲህ ያለው መከራ በኋላ አቅም ያለው ሁሉ ጭቃን ትቶ ወደ ሸክላ ጡብ መዞሩ አያስደንቅም። ጡቡ የሚሠራው በጥቁር ዓባይ ዳር ነው። ጥሬው ጭቃ ጎርፉ ከኢትዮጵያ ተራሮች አጥቦ ያመጣው ደለል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጡብ ዝናብን ይችላል፤ ነገር ግን የሚተኮሰው በእንጨት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት የሚቆረጥ ዛፍ አለ። በወንዙ ዳር የነበሩት የግራር ደኖች ለጡብና ለከሰል ሲባል ብዙ ተመንጥረዋል። ከዚህም ሌላ የጡቡ ግድግዳ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ቀጭን ይደረጋል፤ ክዳኑም ቆርቆሮ ይሆናል። ቆርቆሮ ፀሐይ እንዳየ ወዲያው የሚግል ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከጎርፍ አመለጥሁ ሲል በሙቀት ይያዛል፤ ከሙቀቱም ለማምለጥ ዕድሜ ልኩን ለኤሌክትሪክ ይከፍላል።

እንግዲህ ጥያቄው ጭቃ ወይስ ጡብ የሚል ብቻ መሆን የለበትም። የጭቃ ቤት የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ከታች እግሩ ረጥቦ፣ ከላይም ክዳኑ አፍስሶ ነው። መሠረቱና የግድግዳው የታችኛው ክፍል በድንጋይ ወይም በሸክላ ጡብ ቢሠራ፣ ክዳኑ ወጣ ያለ ሆኖ አሸንዳ ቢኖረው፣ ቤቱም ከጎርፍ መውረጃ ርቆ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቢቆም ጭቃው ብዙ ዘመን ይኖራል። ሌላም መካከለኛ መንገድ አለ። አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በእጅ መጭመቂያ መኪና ሲታተም ሳይተኮስ የሚጠነክር ጡብ ይወጣዋል። የሲሚንቶው መጠን ብዙ ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 8 እጅ ነው። በሰሜን ካርቱም በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በዚህ ጡብ በናሙናነት የተሠራ ትምህርት ቤት ዘዴው ለከተማዋ እንደሚስማማ አሳይቷል። ክዳኑ ቆርቆሮ መሆኑ ግድ ከሆነም በሥሩ ኮርኒስ ማበጀት፣ በመካከሉ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተውና ከላይ ነጭ ቀለም መቀባት ሙቀቱን ያስታግሳል።

የማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚመረጠው ይህ ሁሉ ከታሰበበት በኋላ ነው። በካርቱም ቤቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነው። አሠራሩ ከጋኑ አይለይም፤ ማራገቢያው የውጭውን ደረቅ አየር በረጠበ ጭድ መሰል ነገር ውስጥ ስቦ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። የሚፈልገው ኃይል ጥቂት መቶ ዋት ሲሆን፣ በጋዝ የሚሠራው አየር ማቀዝቀዣ ግን ለአንድ ክፍል ብቻ 1,500 ዋት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ሆኖም የውኃው ማቀዝቀዣ በግንቦት ደረቅ አየር በደንብ ቢሠራም በነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ይደክማል፤ ንጹሕ ውኃም ይፈልጋል። በእርሱ የሚገለገል ሰው መስኮቱን በመጠኑ መክፈት፣ በሌላው የሚገለገል ደግሞ አጥብቆ መዝጋት ስላለበት፣ የትኛው እንደሚገባ ሳይታወቅ በርና መስኮት መትከል ትክክል አይደለም።

መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ኃይል ከሌለ ሣጥን ብቻ ነው። ሱዳን በ2001 ዓ.ም. ያስመረቀችው የሜሮዌ ግድብ 1,250 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ቢሆንም፣ በበጋው ወራት ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ እየበለጠ መብራት በየጊዜው ይቋረጥ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ በካርቱም የኤሌክትሪክ መሥመሮችና ትራንስፎርመሮች ወደሙ፤ የመዳብ ሽቦዎችም ተዘረፉ። በዚያን ጊዜ ቀጭን ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት እንደ ምድጃ ሲግል፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት ግን ማንንም ሳይለምን እንደ ቀድሞው ጥላውን ሰጠ። ብዙዎችም የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ሠሌዳ ውኃ መሳብና ማራገቢያ ማዞር ጀመሩ። ሠሌዳው አቧራው ሲጠረግለት በደንብ ያገለግላል፤ ለክዳኑም ጥላ ይሆነዋል። ነገር ግን ትልቅ አየር ማቀዝቀዣን ሌት ተቀን ለማሠራት ብዙ ሠሌዳና ውድ ባትሪ ያስፈልጋል። አነስተኛ ኃይል የሚበቃው በሚገባ ለተሠራ ቤት ነው።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች ወደየሰፈራቸው እየተመለሱ የፈረሰውን መጠገን ጀምረዋል። ቤቱን ለሚያድስ ሰው የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ቦታውና የውኃው መውረጃ፣ ቀጥሎ ክዳኑ፣ ከዚያም ግድግዳውና ጥላው፣ በመጨረሻ መሣሪያው ይታሰባሉ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው አስቀድሞ ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ ከዚያም የሚያቀዘቅዘው ክፍሉን ሳይሆን ፀሐይዋን ይሆንበታል።

ይህ ትምህርት ለካርቱም ብቻ የሚሆን አይደለም። በመተማ፣ በሑመራ፣ በጋምቤላና በአፋር ቆላዎች የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ክዳናቸው እርቃኑን የቀረ ቆርቆሮ ነው። የደጋውን ቤት እንዳለ ወደ ቆላ አውርዶ መትከል ነዋሪውን ለሙቀት፣ አገሩንም ለማያቋርጥ የኃይል ወጪ ይዳርጋል። በእነዚህ ቦታዎች ቤት የሚሠራ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አስቀድሞ የፀሐይዋን መንገድ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የውኃውን መውረጃ ቢመረምር ለልጆቹም የሚተርፍ ጥላ ያወርሳቸዋል።

ጥያቄዎች

1. ሙቀት ወደ ቤት የሚገባባቸው ሦስት መንገዶች የትኞቹ ናቸው? ዋነኛው የትኛው ነው? ለምን?
2. የጃሉስ ቤት ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው? ጉዳቱስ በምን ሊቀነስ ይችላል?
3. የውኃው ጋንና የውኃው ማቀዝቀዣ አሠራራቸው በምን ይመሳሰላል?
4. በምትኖሩበት አካባቢ ያለ አንድ ቤት ተመልከታችሁ፣ ለአየሩ ጠባይ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።