ያገለገለ ሽጉጥና ያልተለቀመ ቡና

ዛሬ የኒውዮርክንም የምርት ገበያውንም ዋጋ አልለጥፍም። ሰሞኑን ከሁለት ዩኒየኖችና ከአንድ አቅራቢ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶኛል፦ «ቡናው ሳይለቀም ብር የሚሰጠን ነጋዴ አለ፤ እንቀበል ወይስ ይቅርብን?» መልሴን የማስረዳው በሽጉጥ ነው፤ አትደንግጡ።

ሚያዝያ 2017 ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ለቡና ኤግዚቢሽን ሄጄ ነበር። ሲያልቅ ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ሰነበትኩ። ልጁ ሌሊት ማደያ ውስጥ ባለ ሱቅ ነው የሚሠራው። «ለቤቴ መጠበቂያ ያገለገለ ሪቮልቨር ልገዛ ነው፣ አብረን እንዙር» አለኝ። ሦስት ፖን ሾፕ ዞርን።

ፖን ሾፕ ማለት ዕቃ አስይዘህ የምትበደርበት ሱቅ ነው። ወርቅ፣ ጊታር፣ መሰርሰሪያ፣ ሽጉጥ፣ የማይያዝ ነገር የለም። ብሩን በቀኑ ካልመለስክ ዕቃህ ይቀራል፤ ሱቁ ይሸጠዋል። መደርደሪያው ላይ ካለው ብዙው ዕቃ አንድ ሰው ቸግሮት አምጥቶ ሳይመለስለት የቀረ ነው።

እኔ በጎብኚ ቪዛ ስለነበርኩ ከማየት ሌላ መብት አልነበረኝም። እሱ ግን ዜጋ ነው፣ የቴክሳስ መታወቂያ አለው፣ 21 ዓመት አልፎታል። ቢሆንም 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ሞልቶ የወንጀል ታሪኩ መጣራት ነበረበት። የገዛ ሽጉጡን አስይዞ የነበረ ሰው እንኳ ሲያስመልስ በዚሁ ምርመራ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ሁለት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 አገኘን። የአሜሪካ ፖሊስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታጠቀው፣ ጥይቱ 0.38 የሆነ ባለ ስድስት ጎራሽ ነው። አንዱ እንደገና ተቀልሞ ያብረቀርቃል። ሌላው ከአፎቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ቀለሙ ለቋል። የሚያብረቀርቀው ዋጋው ከፍ ያለ ነበር።

ሱቁን የያዙት ሽማግሌ ሁለቱንም ከፍተው ባዶ መሆናቸውን አሳዩን። ከዚያ መቺውን በቀስታ ወደ ኋላ እየሳቡ ስድስቱንም ጎሬ አንድ በአንድ ፈተሹ። ጎሬው መቺው መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ቀጥ ብሎ መቆለፍ አለበት። የሚያብረቀርቀው ሁለቱ ላይ ዘገየ። ሲሊንደሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉትም ተወዛወዘ። የብሎኖቹ ጥርስ ተበልቷል፤ ሙያ የሌለው ሰው ፈቶታል ማለት ነው። ያረጀው ግን ጥብቅ ነው፤ በባትሪ ሲያዩት የአፈሙዙ ውስጥም ንጹህ ነው። «ይሄ ብዙ ተይዟል እንጂ ብዙ አልተተኮሰበትም» አሉ።

እኔ ቡና ታየኝ። በአገራችን ደረጃ አወጣጥ ከ100 ነጥብ 40 ለጥሬው፣ 60 ለቅምሻው ነው። ዓይን የሚስብ ቡና ስኒ ላይ ሲወድቅ ስንቴ አይተናል!

ሽማግሌውን «ሰው ይዞልዎት ሲመጣ ስንት ያበድራሉ?» አልኳቸው። «ከምሸጥበት ሩቡን፣ ቢበዛ ግማሹን። ፈትሼ ያላየሁትን ደግሞ ተበላሽቷል ብዬ ነው የማስበው» አሉኝ። ወለዱስ? በቴክሳስ ሕግ ለትናንሽ ብድር በወር እስከ 20 ከመቶ ነው። በወር!

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ቡናን በአበባው የሚገዛ ሰው ባትሪ እንደሌለው ባለሱቅ ነው። ዝናቡን፣ በሽታውን፣ ደረጃውን አያውቅም። ስለዚህ የሚቀንስባችሁ ገንዘብ ሁለት ነገር ነው፦ የሱ ፍርሃትና የእናንተ ችኮላ። እንደውም ከፖን ሾፕ ይብሳል። እዚያ ዕቃህ ከቀረ ዕዳው እዚያው ያበቃል። እኛ ጋ ምርቱ ሲጎድል ዕዳው ለከርሞ ይሻገራል። የድሮው ወለድ አግድ እንኳ መሬቱን በወለዱ ፋንታ ይዞ ይቆያል እንጂ ዋናው ዕዳ አያድግም ነበር።

ይሄን የምለው ንጹህ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ያለ ውል አዋውያለሁ፤ ኮሚሽኔንም ከሁለቱም ወገን በልቻለሁ። ለቀማ ሲደርስ ዋጋው ወጣ፤ ገበሬዎቹ ግን በነሐሴው ዋጋ አስረከቡ። አንድ አባት መጋዘኑ በር ላይ ያዙኝና «ልጄ፣ ቡናውን አላያችሁትም፤ ችግራችንን ግን አይታችኋል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው።

1. ከቻላችሁ የታየውን አስይዙ። መጋዘን ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረጃ የወጣለት ቡና ደረሰኙ ራሱ መያዣ ይሆናል፤ አዋጅ ቁጥር 372/1996 አለ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ሰብልም ጭምር፣ ተመዝግቦ ለብድር ይያዛል። ባንካችሁን ይሄን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

2. የግድ ቅድሚያ ብር ካስፈለገ ሙሉውን አታስይዙ። ለማዳበሪያና ለለቀማ የሚበቃችሁን ብቻ።

3. ዋጋውን ዛሬ አትቁረጡ። «በርክክቡ ቀን የገበያ ዋጋ፣ ሲቀነስ ይሄን ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ምርቱ ቢጠፋ ዕዳው ምን እንደሚሆንም በውሉ ይግባ።

4. ናሙናው ሁለታችሁም ባላችሁበት ይወሰድ፣ እርጥበቱ ይለካ፣ አንዱ ታሽጎ እናንተ ጋ ይቀመጥ።

የአክስቴ ልጅ ቅጹን ሞልቶ፣ ምርመራውን አልፎ ያረጀውን ገዛ። አስይዞት የነበረው ሰው ግን በሩቡ ዋጋ ሸጦት እንደቀረ አስቡት።

ውል የቀረበላችሁ ሳትፈርሙ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አይቼ እነግራችኋለሁ። ለዚህ ኮሚሽን የለም። መልካም ገበያ።