የስኳር መለኪያው በቦሌ ከፍታ

ከቦሌ መድኃኒት ቤቶች የምንገዛው የደም ስኳር መለኪያ፣ ክላርክና ላዮንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቁት የኢንዛይም ኤሌክትሮድ ዘር ነው፤ ኤሌክትሮኬሚካዊ ባዮሴንሰር ይባላል። በአንዳንዶቹ ስትሪፖች ላይ ያለው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ከስኳሩ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ አቀባባይ ሞለኪውል ደግሞ ተረክቦ ለኤሌክትሮዱ ያደርሳል። መሣሪያው የሚለካው ይህን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ስኳሩ ሲበዛ ፍሰቱም ይበረታል።

ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ኤሌክትሮኑን ይሻማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኦክስጅኑ ሲሳሳ በእነዚህ ስትሪፖች የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ኢንሱሊኑን በዚያ ቁጥር ለሚወስን ሕመምተኛ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ ያለባቸው ስትሪፖች ከዚህ ሽሚያ ነጻ ናቸው። ስንገዛ ታዲያ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት፣ ብዙዎቻችን ሳናነብ የምንጥላትን የመመሪያ ወረቀት ገልጠን የኢንዛይሙን ዓይነትና የከፍታውን ገደብ እንፈልግ።