ስሱ ሶላር፦ ብቃቱ ጨምሯል፣ ዕድሜውስ?

በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ በርካታ የኬንያ ገጠር ነዋሪዎች የመንግሥትን የኤሌክትሪክ መስመርም ሆነ ድጎማ ሳይጠብቁ በገዛ ገንዘባቸው ሶላር መግዛት ጀመሩ። ከትናንሽ ከተሞች የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች የሚገዙት ፓኔል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ዋት ብቻ የሚያመነጭ፣ አንድ ሰው በብብቱ ሥር ይዞት ሊሄድ የሚችል ነበር። ፓኔሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፤ ከመኪና ባትሪ ጋር ይያያዛል፤ ሲመሽ አንድ ሁለት አምፖልና ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያሠራል። 2000 ሲደርስ በአገሪቱ የተሸጡት የቤት ውስጥ ሶላሮች ቁጥር ከ100 ሺህ አልፎ ነበር።

ከእነዚህ ፓኔሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ‘ስስ ሶላር’ ሊባል በሚችለው ቴክኖሎጂ ነው። ተፈላጊ ያደረጋቸውም ዋጋቸው ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ በጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ዋት አይሰጡም ነበር። ቴሌቪዥኑ ዜናው ሳያልቅ ሲጠፋ ባለቤቱ ባትሪውን ይወቅሳል፤ ካልሆነም የሰማዩን ደመና። ፓኔሉን የሚፈትሽበት መሣሪያ ግን በእጁ የለም።

ዛሬ ስስ ሶላር እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። ፔሮቭስካይት የተባለው አዲስ ዓይነት በቤተ ሙከራ የሚያስመዘግበው ውጤት በየጊዜው ይሻሻላል። ይሁንና የኬንያ ገዢዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት ሊመልሱት ያልቻሉት ጥያቄ አሁንም እንዳለ ነው። ይህ ዕቃ ዛሬ የሚሰጠውን ኃይል ከአሥር ዓመት በኋላም ይሰጣል?

ስስ ሲባል ምን ያህል?

በዓለም ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፓኔል የሚሠራው ከሲሊከን ነው። ሲሊከኑ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ እንደ ግንድ ሆኖ ከረጋ በኋላ በስሱ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 150 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ስስ ሶላር ሲሠራ የሚቆረጥ ነገር የለም። ብርሃን የሚውጠው ንጥረ ነገር በትነት መልክ ወይም እንደ ቀለም ሆኖ በመስታወት፣ በብረት ወይም በፕላስቲክ ላይ ይቀባል። ካድሚየም ቴሉራይድ በተባለው ዓይነት ይህ ሽፋን ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። በፔሮቭስካይት ደግሞ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥሬ ዕቃ ይቆጥባል፤ የፋብሪካውን የኃይል ፍጆታ ይቀንሳል፤ ክብደቱ የቀለለና የሚተጣጠፍ ፓኔል ለመሥራትም በር ይከፍታል።

ሆኖም ስስነት ዕዳም አለው። ወፍራም ነገር ላይ ቁም ነገር የማይባል ቀዳዳ ወይም ጥቂት እርጥበት ከአንድ ማይክሮ ሜትር በታች በሆነ ሽፋን ላይ ሲደርስ ትልቅ ጉዳት ይሆናል።

ብርሃን የሚያደክመው ሶላር

ኬንያ ውስጥ የተሸጡት ስስ ፓኔሎች አሞርፈስ ሲሊከን የሚባሉ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የሲሊከን አተሞች እንደ ተራው ሲሊከን ሥርዓት ባለው መልኩ አልተደረደሩም፤ በተዘበራረቀ ሁኔታ ተያይዘዋል። የመጀመሪያውን አሞርፈስ ሲሊከን ሶላር ሴል በአውሮፓውያኑ 1976 ይፋ ያደረጉት በአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ካርልሰንና ክሪስቶፈር ሮንስኪ ነበሩ። ብቃቱ፣ ማለትም ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው መጠን፣ 2.4 በመቶ ነበር።

በዓመቱ ሮንስኪ ከባልደረባው ዴቪድ ስቴብለር ጋር አንድ ደስ የማይል ነገር አገኘ። ይህ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ይደክማል። ብርሃኑ በአተሞቹ መካከል ያሉትን ደካማ ትስስሮች ይበጥሳል፤ የተበጠሰው ቦታም ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹን እየያዘ ያስቀራል። ፓኔሉ ፀሐይ ላይ በዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ኃይሉ ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ይረጋጋል። በጣም ሲሞቅ ደግሞ በከፊል ያገግማል፤ በዚህም ምክንያት በሞቃት ወራት ትንሽ የሚሻሻልበት ጊዜ አለ።

ክስተቱ በሁለቱ ተመራማሪዎች ስም የስቴብለር-ሮንስኪ ውጤት ይባላል። ፓኔሉን ከጥቅም ውጪ አያደርገውም፤ ታማኝ አምራች በጀርባው ላይ የሚጽፈው ከድካሙ በኋላ የሚረጋጋበትን ዋት ነው። ችግር የሚፈጠረው በአዲስነቱ የሚሰጠው ዋት ሲጻፍበት፣ አልያም ፓኔሉ ከመነሻውም በደንብ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ሪቻርድ ዱክ፣ አርን ጄከብሰንና ዳንኤል ካመን የተባሉ ተመራማሪዎች የኬንያን ገበያ ያጠኑት በዚያ ወቅት ነበር። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያሉትን ፓኔሎች ሲለኩ በአምራቾች መካከል ሰፊ ልዩነት አገኙ። የአንዳንዶቹ ምርት ከተጻፈበት ዋት ብዙም አይርቅም፤ የሌሎቹ ግን በእጅጉ ያነሰ ነበር። በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ዋጋቸውም ቢሆን ስለ ጥራታቸው ብዙ አይናገርም።

የፍተሻው ውጤት ይፋ መሆኑ በገበያው ላይ ለውጥ አምጥቷል። ዘላቂ መፍትሔ ግን አልነበረም። ጄከብሰንና ካመን በ2007 ባሳተሙት ጥናት ጥራት የጎደላቸው ፓኔሎች ገበያው ላይ ደጋግመው እንደሚመጡ አመልክተው፣ አንድ ጊዜ የሚደረግ ፍተሻ ሳይሆን በሕግ የሚጸና የአገር ደረጃ እንደሚያስፈልግ ተከራክረዋል። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ቡድን ‘ላይቲንግ አፍሪካ’ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ኋላ ኢትዮጵያንም ያካተተው ይህ ፕሮግራም የፋኖስና የአነስተኛ ሶላር ዕቃዎችን ጥራት በመፈተሽ ይታወቃል።

ስስ የሆነ ሁሉ ቶሎ ያረጃል ማለት ግን አይደለም። በ1999 የተመሠረተው የአሜሪካው ፈርስት ሶላር ከካድሚየም ቴሉራይድ የሚሠራቸው ፓኔሎች በበረሃ ውስጥ በተተከሉ ግዙፍ የኃይል ማመንጫዎች ለዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተዋል። እዚህ ለመድረስ የተደረገው ጥረት የብቃትና የዕድሜ ጥያቄ ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ያሳያል። በሴሉ ጀርባ ይገባ የነበረው መዳብ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ካለበት እየተንቀሳቀሰ ሴሉን ያዳክማል። ስለዚህም ኩባንያው መዳቡን በሌላ ንጥረ ነገር ለመተካት ሠርቷል። ሴሊኒየም መጨመሩ ደግሞ ብቃቱን አሻሽሎታል።

ከ3.8 በመቶ ተነስቶ

ፔሮቭስካይት መጀመሪያ በ1839 በሩሲያ የኡራል ተራሮች የተገኘ ማዕድን ስም ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ነው። ለሶላር የሚውለው ማዕድኑ ራሱ ሳይሆን ተመሳሳይ የክሪስታል ቅርጽ ያለው፣ በሰው እጅ የሚቀመም ውህድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እርሳስና አዮዲን ይገኙበታል።

በ2009 ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ሱቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ውህድ የሠሩት ሴል ብቃቱ 3.8 በመቶ ነበር። ውስጡ ፈሳሽ ስለነበረበት ሥራ ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። በ2012 በብሪታኒያና በደቡብ ኮሪያ ያሉ ቡድኖች ፈሳሹን በጠጣር ነገር ተክተው ወደ 10 በመቶ ተጠጉ። ዛሬ ለብቻው የሚሠራ የፔሮቭስካይት ሴል በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ በላይ ደርሷል። ሲሊከን ተመሳሳይ መንገድ ለመጓዝ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ትልቁ ተስፋ ያለው ሁለቱን መደራረብ ላይ ነው። ፔሮቭስካይቱ ከላይ ሆኖ ሰማያዊውንና ጉልበት ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ ቀዩን ያሳልፍና ከሥሩ ያለው ሲሊከን ይቀበለዋል፤ ነገሩ ሁለት ወንፊት ደራርቦ እንደማበጠር ነው። ሲሊከን ብቻውን በንድፈ ሐሳብ ከ29 በመቶ ብዙም ሊያልፍ አይችልም። የቻይናው ሎንጊ ግን በ2024 በተደራራቢ ሴል 34.6 በመቶ ማስመዝገቡን አስታውቋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ክብረ ወሰኖች የሚመዘገቡት ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከጥፍር ብዙም በማይበልጥ ሴል ላይ ነው። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኦክስፎርድ ፒቪ ጀርመን በሚገኘው ፋብሪካው ያመረታቸውን ተደራራቢ ፓኔሎች በ2024 ለአንድ የአሜሪካ ደንበኛ ሲልክ የሙሉው ፓኔል ብቃት 24.5 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ግን ከምርጥ የሲሊከን ፓኔሎች ብዙ አይርቅም።

ጠላቶቹ

ፔሮቭስካይትን የሚጎዱት ነገሮች ማንኛውም ጣሪያ ላይ የሚገኙ ናቸው፦ ውሃ፣ ኦክስጅን፣ ሙቀትና ራሱ ብርሃኑ። ውሃ ክሪስታሉን ያፈርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሴሎች ውስጥ የነበረው ሜቲል አሞኒየም የተባለ ክፍል ሲሞቅ ተንኖ ይወጣል። ሌላው ነገር ለሲሊከን እንግዳ ነው። በፔሮቭስካይት ውስጥ ያሉት አዮኖች ባሉበት አይረጉም፤ ብርሃንና ቮልቴጅ ሲያገኙ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲጨልም ከፊሎቹ ይመለሳሉ። ቀንና ሌሊት በተፈራረቁ ቁጥር ይህ እንቅስቃሴ ይደጋገማል። የዛፍ ጥላ ወይም ወፍራም አቧራ የፓኔሉን አንድ ክፍል ሲሸፍን ደግሞ የቀሩት ሴሎች ኤሌክትሪኩን በተጋረደው ውስጥ በግድ ያሳልፉታል፤ ፔሮቭስካይት ይህን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው።

ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ችግር በየፊናው ይዘውታል። ተናኙን ክፍል ሙቀትን በተሻለ በሚችሉት ፎርማሚዲኒየምና ሲዚየም ይተካሉ። ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከክሪስታሉ ገጽና ጠርዝ በመሆኑ እነዚህን ቦታዎች በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ባላቸው ሽፋኖች ይደፍናሉ። ይህ ሥራ ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚባክንበትን ቀዳዳ ስለሚዘጋ ብቃትንም ዕድሜንም በአንድ ጊዜ ይጨምራል። በመጨረሻም ሴሉ በሁለት መስታወቶች መካከል ገብቶ ዙሪያው እርጥበት በማያስገባ ጎማ መሰል ነገር ይታሸጋል። ለተራው ገዢ ከኬሚስትሪው ይልቅ ወሳኝ የሚሆነው ይህ ተራ የሚመስል እሽግ ሳይሆን አይቀርም።

የዕድሜን ክብደት ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ብቃቱ 26 በመቶ ሆኖ በየዓመቱ ካለው ኃይል አንድ አሥረኛውን የሚያጣ ፓኔል እንውሰድ። ከጎኑ ብቃቱ 20 በመቶ የሆነና በዓመት ግማሽ በመቶ ብቻ የሚያጣ ተራ የሲሊከን ፓኔል ይኑር። የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ሳይሞላው በሁለተኛው ይቀደማል። በአሥር ዓመቱ አንደኛው ወደ 9፣ ሌላኛው ወደ 19 በመቶ ይወርዳሉ።

የአፍሪካ ቀንድ ጣሪያ

በዚህ ቀጣና ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ፓኔል ሁለት ዓይነት ፈተና ይጠብቀዋል። በጅቡቲ፣ በበርበራ ወይም በአፋር ቆላ የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ፓኔሉ ራሱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ተራ ሲሊከን ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያጣል። ካድሚየም ቴሉራይድና አሞርፈስ ሲሊከን የሚያጡት ከዚህ ያነሰ ነው። በዚህ ረገድ ሙቀት ለስስ ሶላር ያደላል ማለት ይቻላል። ለፔሮቭስካይት ግን ያው ሙቀት ውህዱን የሚያፈርሰው ኃይል ነው።

ደጋው የራሱ ጠባይ አለው። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የአልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ያለች ብትሆንም ፀሐይዋ ለፓኔሉ ሽፋንና ማጣበቂያ የምትራራ አይደለችም።

እስካሁን ዋነኛው መመዘኛ አይኢሲ 61215 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ፓኔሉ በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ለ1,000 ሰዓታት፣ ማለትም ለስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሌላው ከዜሮ በታች 40 እና ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ መካከል 200 ጊዜ ይመላለሳል። የበረዶ ድብደባም አለበት። ፈተናው ከባድ ነው፤ ግን የተቀረጸው ከሲሊከን በተገኘ የብዙ ዓመታት ልምድ ነው። የሙቀትና የእርጥበቱ ፈተና ለምሳሌ የሚካሄደው በጨለማ ነው። የፔሮቭስካይት ችግር ደግሞ የሚብሰው ብርሃንና ሙቀት አንድ ላይ ሲመጡ ነው። በ2020 የመስኩ ተመራማሪዎች ብርሃንን፣ ሙቀትንና የቀንና ሌሊት መፈራረቅን ያካተቱ የፈተና ዘዴዎች ላይ የጋራ ስምምነት ያሳተሙት በዚህ ምክንያት ነበር።

የእርሳሱም ጉዳይ አለ። በአንድ ካሬ ሜትር የፔሮቭስካይት ፓኔል ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ግራም አይበልጥም፤ አንድ የመኪና ባትሪ በኪሎ የሚቆጠር ይይዛል። ልዩነቱ በፓኔሉ ውስጥ ያለው እርሳስ በውሃ መሟሟት የሚችል መሆኑ ላይ ነው። በኬንያ ሞምባሳ አቅራቢያ የምትገኘው የኦዊኖ ኡሁሩ መንደር ነዋሪዎች ከባትሪ ማቅለጫ በወጣ እርሳስ ተመርዘው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። አሮጌ ዕቃ በሥርዓት የሚሰበሰብበት አሠራር ባልጠነከረበት አካባቢ ስንጥቅ ፓኔል የት እንደሚጣል ከወዲሁ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የአይኢሲ 61215 ደረጃ በ2016 ሲሻሻል ለአራት ዓይነት ፓኔሎች የተለዩ ክፍሎች ወጥተውለታል፦ ለክሪስታል ሲሊከን፣ ለካድሚየም ቴሉራይድ፣ ለአሞርፈስ ሲሊከን እንዲሁም ከመዳብ፣ ኢንዲየም፣ ጋሊየምና ሴሊኒየም ለሚሠራው ስስ ሶላር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ፔሮቭስካይት አልነበረም።