ሉቺያኖ ቫሳሎ፥ የመካከሉ ሰው

የወላይታዋ ከተማ የቦዲቲ ልጆች ኳስ ለመጫወት ተሰብስበው በሁለት ወገን ሲከፈሉ ላየ ሰው፥ ሁሉም ጎል አግቢ ልሁን እያለ ሲሻማ፥ መካከል ቆሜ ላቀብል የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። እኔም ይህን ባየሁ ቁጥር ሉቺያኖ ቫሳሎን አስባለሁ።

በ1927 ዓ.ም. በአስመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ይህ ሰው፥ በትውልድ ከተማውና በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ፥ ኮተን በሚሉት፥ ተጫውቶ፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቃ። ሥራውም አማካይነት ነበረ። አማካይ ማለት፥ ዲያቆን በቅዳሴ ጊዜ በካህኑና በሕዝቡ መካከል ቆሞ ሁለቱን እንደሚያገናኝ፥ ከተከላካዮች የተቀበለውን ኳስ ለአጥቂዎች የሚያደርስ፥ ቡድኑ ሲጠቃ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚረዳ፥ ድካሙ ብዙ ሆኖ ውዳሴው ጥቂት የሆነ ሰው ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትታ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ በቃና ዘገሊላ ማግሥት በዋለው እሑድ፥ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ከምትባለው ግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፆች ቀደሙ፤ ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግ፥ ወዲያው እንደገና መሩ። ሕዝቡ ተስፋ በሚቆርጥበት ሰዓት፥ በ84ኛው ደቂቃ፥ አምበሉ ራሱ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ፤ ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ሰው ሁሉ የሚያወሳው የመንግሥቱን ጎል ነው፤ ይገባዋልም። በእኔ ሚዛን ግን የምትከብደው የ84ኛው ደቂቃ ጎል ናት፥ እርስዋ ባትኖር ተጨማሪ ሰዓት ባልኖረምና።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በደርግ ዘመንም አገር ለቆ ወደ ጣሊያን ተሰደደ።

የወላይታ ሰው ግብፅን የመርታትን ጣዕም ሌላ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ አያሻውም፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የወላይታ ድቻ ክለብ የግብፁን ዛማሌክ በካይሮ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አስወጥቶታልና። ሉቺያኖ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ። ያረፈው በመስከረም 2015 ዓ.ም. በጣሊያን አገር ሲሆን፥ ኢትዮጵያም እርሱ ከተቀበለው ዋንጫ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላገኘችም።