የምንሰጠው ካርድ፦ እንቁጣጣሽን በገዛ እጃችን

እዚህ ካምፕ ውስጥ «ካርድህን ያዝ!» ሲባል ሰው ሁሉ ኪሱን የሚዳብሰው ለአንድ ነገር ነው፤ ለራሽን ካርዱ። ያ ካርድ የምንቀበልበት ነው። በዛሬው ገጻችን የምናወራው ግን ስለምንሰጠው ካርድ ነው። ከደብተር ወረቀት፣ ከዱቄት ሙጫና ከእርድ ቀለም ተሠርቶ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ከደጅ ወደ ደጅ ስለሚዞረው የልጆች ሥራ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ነውና መጀመሪያ እሱን ልናገር።

ቀይዋ አደይ

ያለፈው እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ገና ቡና ሳይፈላ፣ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። ዕድሜው ዘጠኝ ነው፤ የተወለደው እዚሁ ካኩማ ነው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎት!» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ጸሐይ፣ አንድ የሣር ቤት፣ ከቤቱ የሚበልጥ ትልቅ አበባም ስሏል። አበባው ቀይ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አደይ አበባ።»

ሳቅሁ። ስቄም ዝም አላልኩም። «አደይ ቀይ ሆና ታውቃለች እንዴ? ቢጫ ናት እኮ!» አልኩት። ልጁ ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «አይቻት አላውቅም» ብሎ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ሄደ። አሥር ሽልንግ ልሰጠው ኪሴን ስፈትሽ እሱ ርቋል። ወደሚቀጥለው ቤት እንኳ አልሄደም። በእጁ የቀሩትን ሦስት ሥዕሎች አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ እናቱ ቤት ገባ።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ቡና ጠራችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሲስል ነው የሰነበተው፤ ቀለሙንም ከጓደኛው ተውሶ ነው» አለችኝ። እሷስ አልተቀየመችም። እኔ ግን ቡናው አልወርድልኝ አለ።

ማን ነው የሚሰጠው?

በአገር ቤት ያደግን ሁሉ ልማዱን እናውቀዋለን። በመስከረም 1 ሴቶች ልጆች አደይና ሣር ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ ይዞራሉ። ወንዶቹ ደግሞ አበባ፣ ጸሐይ ወይም መልአክ ስለው ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ። ትልቁ ሰው ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። ታዲያ ብዙዎቻችን ቀኑን ልጆች ከትልቅ ሰው የሚቀበሉበት ቀን አድርገን እናየዋለን። ነገሩን ልብ ብለን ካየነው ግን ቀድሞ የሚሰጠው ልጁ ነው። እኛ የምንመልሰው ምላሽ ነው።

ይህ ነገር እዚህ ካምፕ ውስጥ ክብደቱ ይጨምራል። ልጆቻችን የሚያድጉት ሰልፍ ላይ ነው። ለእህል ሰልፍ፣ ለውኃ ሰልፍ፣ ለሕክምና ሰልፍ። እናትና አባታቸው ሲቀበሉ እንጂ ሲሰጡ የሚያዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ግን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገዛ እጁ ያበጀውን ይዞ በር ያንኳኳል። እኔ ያን ጠዋት የመለስኩት ወረቀት ብቻ አልነበረም።

አደይ አበባ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ናት። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ታደርጋለች። ካኩማ ያለው ደግሞ በደረቁ ቱርካና ነው። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ እዚህ ተወልደው ለራሳቸው ልጅ የወለዱ አሉ። እነዚህ ልጆች አደይን ከየት ያውቋታል? ከእኛ አፍ ነዋ! ያላያትን አበባ ቀይ አድርጎ የሳለ ልጅ ምን አጠፋ? ያልነገርነው እኛ ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ ቀደም ብለን ጀመርን። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ከቤቴ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ያየነውን፣ የተበላሸብንንም ጭምር፣ እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ማንም እናት ወይም ታላቅ ወንድም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ወረቀቱ ከየት ይመጣል?

አዲስ ወረቀት መግዛት ግዴታ አይደለም። ያለቀ ደብተር ካለ ከመሃሉ፣ ሽቦው ካለበት፣ ድርቡን ወረቀት አውጡ። ሽቦውን ገለጥ አድርጎ ማውጣት ነው እንጂ መገንጠል አያስፈልግም፤ ሌላው ቅጠል አይላላም። ከጎን የተገነጠለ ቅጠል ግን ጓደኛውን ይዞ ይወድቃል።

ሁለተኛው ምንጭ የ2 ኪሎ የዱቄት ወረቀት ነው። ሲከፈት ውስጡ ያልታተመበት ስለሆነ ለሥዕል ይመቻል፤ ጠንካራም ነው። ዱቄቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉለት እንጂ አትጠቡት። ሦስተኛው የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ነው። ባለሱቆች ከጠየቃችኋቸው አይከለክሏችሁም። ካርቶን ለካርዱ ጀርባ ይሆናል። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካሌንደርም ጀርባው ንጹሕ ነው።

በወረቀት እጥረት የተሠራ ነገር ያንሳል ብላችሁ አታስቡ። ሳዳኮ ሳሳኪ የምትባል ጃፓናዊት ልጅ ነበረች። በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ኋላ በደም ካንሰር ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ አንድ ሺህ የወረቀት ወፍ ላጠፈ ምኞቱ ይደርስለታል የሚለውን የአገሯን አባባል ይዛ ወፍ ማጠፍ ጀመረች። ወረቀት ሲያልቅባት በመድኃኒት መጠቅለያ ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 በ12 ዓመቷ አረፈች። ዛሬ በሂሮሺማ በስሟ መነሻነት በቆመው የልጆች ሐውልት ዙሪያ ከመላው ዓለም የሚላኩ የወረቀት ወፎች ይቀመጣሉ። ወረቀቱ የመድኃኒት መጠቅለያ መሆኑ ሥራዋን አላሳነሰውም።

ሙጫና ቀለም

ሙጫ፦ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። ጓጉሉ ሲጠፋ ቀስ ባለ እሳት ላይ እያማሰላችሁ አብስሉት። ነጭነቱ ቀንሶ እንደ አጥሚት ሲወፍር አውርዱ። የበቆሎ ዱቄት ይሻክራል፣ አያያዙም ይደክማል። ዱቄት ምግብ ነውና አንድ ማንኪያ በቂ ነው፤ ለአንድ ቀን ሥራ ይተርፋል። የቀን በቀኑን ሥሩ፤ በዚህ ሙቀት ያደረ ሙጫ ይሸታል። የተለጠፈውንም በረሮ እንዳይበላው ከምግብ ዕቃ አርቃችሁ አስቀምጡ።

ሙጫውን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። እኛ መጀመሪያ ቀን አብዝተን ቀብተን ካርዱ ሁሉ እንደ ቅርፊት ተጠቀለለብን። ከለጠፋችሁ በኋላ ከባድ ነገር ጫኑበት፤ በጄሪካን ውኃ ስር አሳድሩት።

ቢጫ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። በጨርቅ ወይም በዶሮ ላባ ቀቡ። ጸሐይ ላይ ከዋለ ስለሚደበዝዝ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ቡኒ፦ የቡና አተላ። ጥቁር፦ የተፈጨ ከሰል በትንሽ ሙጫ ተለውሶ። ሐምራዊ፦ ከርከዴ በጥቂት የፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ።

አደይን መቁረጥ

አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ውሰዱ፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር በስድስት ይበቃል። አንዴ ለሁለት እጠፉት። ደግማችሁ ለሁለት፤ ትንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል። ሦስተኛውን ከጥግ ወደ ጥግ እጠፉት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ስታጥፉ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የወረቀቱ መሃል የነበረው ነጥብ የቱ ጫፍ ላይ እንዳለ አትርሱ። ያንን ጫፍ መቀስ እንዳይነካው። ከሱ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ጎን ብቻ እንደ ጣት ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ስትፈቱት ስምንት ቅጠል ያላት አበባ ትወጣለች።

ከትንንሾቹ ልጆች አንዷ መሃሉን ቆርጣ አበባዋ መሃሏ ተበስቶ ወጣች። አልቅሳ ነበር። ቀዳዳው ላይ ክብ ወረቀት ለጥፈን መሃሏን ወፈር ባለ እርድ ስንቀባው ከሁሉም አማረች። ከዚያ በኋላ ሁሉም መሃሏን ለብቻ ይለጥፉ ጀመር። መቀስ ከሌለ ትልቅ ሰው በምላጭ ይቁረጥላቸው፤ ምላጭ ለልጅ አይሰጥም።

«አበባየሆሽ» ለሚሉት ሴቶች ልጆች ደግሞ አበባዋን በመጥረጊያ ጭራሮ ጫፍ ላይ በሙጫ ማሰር ነው። አሥሩን አንድ ላይ ሲይዙት እቅፍ አበባ ይሆናል።

ሲከፈት የሚነሳው ካርድ

ይህ ለልጆቹ ተአምር የሆነባቸው ነው። ወረቀቱን ለሁለት እጠፉ። እጥፋቱ ላይ በሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ትይዩ ቁርጥ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይግባ። ወረቀቱን ከፍታችሁ በሁለቱ ቁርጥ መሃል ያለውን ቁራጭ ወደ ውስጥ ግፉት። ካርዱ ግማሽ ሲከፈት ቁራጩ እንደ ትንሽ በርጩማ ብቅ ይላል። አበባዋን በበርጩማው ፊት ላይ ለጥፉ። ሲዘጋ ትተኛለች፤ ሲከፈት ትነሳለች። አበባዋ ከስድስት ሳንቲ ሜትር ካልበለጠች ካርዱ ሲዘጋ ወደ ውጭ አትወጣም። በመጨረሻ የተቆረጠው ቦታ እንዳይታይ ከኋላው ካርቶን ለጥፉ፤ በርጩማው ላይ ግን ሙጫ እንዳይነካው።

ውስጡ ምን ይጻፍ?

የፖስታ ካርድ ታሪክ ሲነገር እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1843 ለወዳጆቹ ሁሉ የገና ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ቢያጣ፣ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አሥሎ የታተመ ካርድ አዘጋጀ። የታተመው የገና ካርድ የተጀመረው ጊዜ ለመቆጠብ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ጊዜ ሞልቶናል፤ ያጠረን ሌላው ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሰህ» ብቻ ጽፈን አንዝጋው። የተቀባዩ ስም ይጻፍ፤ አንድ እውነተኛ ነገርም ይጨመር። ከልጆቹ አንዱ ለአንዲት አሮጊት «እማማ፣ ባለፈው ውኃ ስላጠጡኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ። ከዚህ በላይ ምን አለ!

ዘመድ ሩቅ አገር ከሆነ፣ አሜሪካም ይሁን አውስትራሊያ፣ ካርዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል። ዋናው እዚህ ይቀመጥ። ታሞ የተኛ ጎረቤት ካለ ደግሞ እንቁጣጣሽን አትጠብቁ፤ ነገ ውሰዱለት።

የመጨረሻው ነገር

ያ ልጅ መጀመሪያ ቅዳሜ አልመጣም። በሁለተኛው መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ጠራሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ እንጂ አልተናገረም። አበባዋን ቆርጦ እርድ ቀባ፤ ቢጫ ሆነች። «ጋሼ፣ እውነተኛዋ ስንት ቅጠል ነው ያላት?» ሲል ጠየቀ። የተሰበሰብን ትልልቅ ሰዎች ተከራከርን፤ አንዱ ስድስት፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ አሥር አለ። ለካ እኛም ረስተናል!

ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሳሙና የነካ ጣቱን አበባዋ ላይ ሲያሳርፍ ቢጫው ቦታ ቀላ። እርድ ሳሙና ወይም የአመድ ውኃ ሲነካው ይቀላል፤ ነጠላ ላይ የእርድ ወጥ ፈስሶባት በሳሙና ያጠበች ሴት ታውቀዋለች። ልጁ ጣቱን ደግሞ ደጋግሞ ነካካት። አበባዋ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሽ ቀይ ሆነች። አንስቶ አሳየኝና «እንግዲያው የኔዋም አደይ ነበረች» አለ።

«ነበረች» አልኩት። የአምናዋ ቀይ አበባ እስካሁን ከቆርቆሮዬ ላይ ተለጥፋ አለች።

ውድ አንባብያን፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት በራችሁ ሲንኳኳ ተነስታችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ቀለሙን በር ላይ አታርሙ፤ ማስተማሪያው ቅዳሜ አለ። ሳንቲም ከሌለ ቆሎ ይበቃል፣ ቆሎም ከሌለ ምርቃት አለ። ሥዕሉን ግን ልጁ እያየ ግድግዳችሁ ላይ ስቀሉለት።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!